ድምፅ ይሰማል? ቪዲዮ ሠሪዎችን ለወቀሰው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ካሜራ ፊት የሚያወሩ ሰዎችን የሚወቅስ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንደኛዋ ሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ከሥሩ «አንብቢው፣ ስላንቺ ነው» ብላበታለች። እኔ ቪዲዮ አልሠራም። ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት አብሲት ስትጥል አፌን ከፍቼ እንደማይ ታውቃለች።

የጽሑፉ ባለቤት ረጅም ዘመን በመምህርነት ያገለገሉ ሰው መሆናቸውን ይነግሩናል። አማርኛቸው ያስቀናል። ክሳቸው አምስት ነው። ካሜራ ፊት ማውራት ጨዋታን ገደለ። ወጣቱ የራሱን ፊት ጥሎ የካሜራ ፊት ለበሰ። አማርኛው ተበላሸ። ጎረቤትና ዕድር በማይታወቅ ተከታይ ተተካ። በመጨረሻም ነገሩ ሁሉ ልመና ሆነ። የመጨረሻውን በከፊል እቀበላለሁ። ሌሎቹ ላይ ግን ቅር ያለኝ ነገር አለ፤ በተራ ልሂድባቸው።

ጨዋታ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ካሜራ ደግሞ አይመልስም ይላሉ። ስለዚህ ዩቲዩበሩ የሚያደርገው ብቻውን መለፍለፍ ነው።

እኛ ቤት አንድ ካሴት አለ። አክስቴ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሥራ ቤሩት ስትሄድ ቤታችን ስልክ አልነበረም። አያቴ ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበር። ደብዳቤ ለማስጻፍ የሰፈር ልጅ መለመን አለበት፤ ያ ልጅ ደግሞ የቤቱን ጉድ ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ካሴት ይላክ ነበር። ቴፑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ቀይዋ ቁልፍ ትጫናለች። አያቴ ነጠላዋን ታስተካክልና ቴፑን ፊት ለፊት እያየች ታወራለች። ካሴቱ «ይቀዳል እንዴ?» በሚለው ድምፅዋ ይጀምራል። ከዚያ የጎረቤት ሰርግ፣ የጉልበቷ ሕመም፣ የበርበሬ ዋጋ። መሀል ላይ «አንቺስ? እየበላሽ ነው?» ትልና ዝም ትላለች። መልስ እየጠበቀች ነው። ያቺ ዝምታ እስከ ዛሬ ካሴቱ ላይ አለች። መልሱ በሌላ ካሴት የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው።

ጸሐፊው ይህን ምን ይሉታል? አያቴ ብቻዋን ነው ያወራችው። ጨዋታ አልነበረም የሚለኝ ካለ ካሴቱን አሰማዋለሁ። እንዲህ ያለ ካሴት ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ሮም፣ ወደ ጅዳ የላከ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለዕቃ ማውራት ስማርትፎን ያመጣብን እንግዳ ጠባይ አይደለም።

ደግሞ ጸሐፊው የሚወቅሱት የአንድ ወገን ወዳጅነት የቲክቶክ ፈጠራ አይደለም። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1956 ጽፈውበታል። ያኔ የታዘቡት ሬዲዮና ቴሌቪዥንን ነበር። አቅራቢው ዓይን ለዓይን እያየ ሲያወራ ተመልካቹ ወዳጁ ይመስለዋል፤ አቅራቢው ግን መኖሩንም አያውቅም አሉ። ጸሐፊው ራሳቸው በልጅነታቸው ሬዲዮ ሥር ተቀምጠው ይህንኑ ወዳጅነት ሳይቀምሱት አልቀሩም። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ግን ስማቸውን ጠርቶ ልጁ ተሻለው ወይ አላላቸውም።

ዛሬ ካሜራ ፊት ያለው ሰው ይላል። አንዲት ሴት ላይቭ ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ድምፅ ይሰማል?» ነው። ከጅዳ አንዱ «ይሰማል» ብሎ ይጽፋል። ከቴል አቪቭ ሌላዋ «ትንሽ ይቆራረጣል» ትላለች። በስማቸው እየጠራች ሰላም ትላቸዋለች። የትናንቱን ታስታውሳለች፦ ሥራ አገኘሽ? እናትሽ ከሐኪም ቤት ወጡ? አያቴ አራት ወር የጠበቀችው መልስ በአራት ሰከንድ ይመጣል። ይህን ብቻውን የሚለፈልፍ ሰው ብሎ መጥራት ከባድ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ናቸው። ይንዛዛሉ። የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። «ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት» ከተባለ እኔ ሻይ ጥጄ እመለሳለሁ። ጸሐፊው ይህን የትውልዱ ስንፍና አድርገው አዩት። ምክንያቱ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2012 ቪዲዮዎችን የሚያስቀድምበትን መለኪያ ቀየረ። ስንት ሰው ከፈተው የሚለው ቀርቶ ስንት ሰዓት ታየ የሚለው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከማስታወቂያ ገንዘብ ለማግኘት የሚያመለክት ቻናል 1,000 ሰብስክራይበርና በዓመት 4,000 የመታየት ሰዓት እንዲኖረው ተጠየቀ። መሀል ላይ ማስታወቂያ ለማስገባት ቪዲዮው 10 ደቂቃ መሙላት ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 8 ወረደ። አሁን አንዲት ልጅ የሽሮ አሠራርን በሦስት ደቂቃ አሳይታ ትጨርስ? ሞኝ ናት እንዴ! በተሰጣት መስፈሪያ ነው የምትሰፍረው። ጸሐፊው የተቆጡት መስፈሪያውን ማን እንደሠራ ሳይጠይቁ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ወጣቱ የውሸት ፊት ለበሰ የሚለው።

የውሸት ፊት መቼ አልነበረም? በየቤታችን አልበም ውስጥ የድሮ የፎቶ ቤት ፎቶ አለ። ከጀርባ ፏፏቴ የተሳለበት ጨርቅ ተዘርግቷል። አጎቴ የማይሠራ የስልክ እጀታ ጆሮው ላይ አድርጎ ይስቃል። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው፤ እጅጌው አይደርስለትም። ይህን ፎቶ ለዘመድ ሲልክ አጎቴ ማንነቱን ሸጠ አልተባለም። አምሮበታል ተባለ እንጂ። አያቴም ለቴፕ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር ብያለሁ። ቴፕ ነጠላ አያይም።

ካሜራ ፊት ሰው ግራ የሚጋባበትን ምክንያት ማይክል ዌሽ የተባለ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት በደንብ አይቶታል። ከተማሪዎቹ ጋር የዩቲዩብን ሰዎች ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ንግግር አደረገ። ለእናት የሚወራ አለ፣ ለጓደኛ የሚወራ አለ፣ ለአለቃ የሚወራ አለ። ካሜራው ውስጥ ግን ሁሉም በአንዴ ተቀምጠዋል። ሰውየው ለማን እንደሚያወራ አያውቅም፤ ስለዚህ ይደነባበራል።

እንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው ይህ ችግር ቀለል ይላል፤ ለሁሉም አንድ ቃል አለው። እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ማለት አለብን። አማርኛ ተናጋሪው ዩቲዩበር ገና አፉን ሲከፍት የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። አንተ ቢል አያቱ ያዩታል። እርስዎ ቢል እኩዮቹ ይስቁበታል። መፍትሔው «እናንተ» ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ «ውዶቼ»፣ «ቤተሰቦች»። ሰብስክራይብ አድርጉ ለማለት «ቤተሰብ ሁኑ» ይባላል። ጸሐፊው በዚህ ቃል ተቆጥተዋል፤ ቤተሰብ የሚለው ክቡር ስም ረከሰ ይላሉ። እኔ ግን ብልሃት ነው የሚመስለኝ። የማናውቀውን ሰው እናቴ፣ ወንድሜ፣ ጋሼ እያልን ታክሲ ውስጥ የምንጠራ ሰዎች ነን። ረዳቱ «እናቴ ጠጋ በይ» ሲል ማን ተቆጣ? ዩቲዩበሩ ያደረገው ያንኑ ነው።

ማታለል የለም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሎንሊገርል15» የሚል ስም ያላት አንዲት አሜሪካዊት ወጣት ከመኝታ ክፍሏ እያወራች ብዙ ሰው ተከተላት። በኋላ ተዋናይት መሆኗ ታወቀ፤ ታሪኩ ተጽፎ የሚሠራ ድራማ ነበር። ግን ማን ደረሰባት? ተመልካቾቹ ናቸው። ኢሜይል እየተከታተሉ፣ ፎቶ እያመሳከሩ። ተከታይ ሁሉ ጅል ነው የሚለው የጸሐፊው ግምት እዚህ ላይ አይሠራም።

ከዚያ የባሰ የውሸት ፊት ያየሁት ቴሌቪዥን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቤሩት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ከሰገነት ወድቃ ተጎዳች። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ይደርስባት የነበረውን በደል በስልክ ቪዲዮ ተናገረች፤ ለማምለጥ ዘልዬ ነው አለች። ቪዲዮው ተሰራጨ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደዚያው ቤት ተመለሰች። በአገሩ ቴሌቪዥን ቀርባም ቃሏን አነሳች። የመብት ተሟጋቾች ተገድዳ ነው አሉ። አክስቴ ያን ጊዜ ገና ቤሩት ነበረች። ሁለቱንም ቪዲዮ አይታለች። የትኛው ፊቷ ነው የእውነቷ ብዬ ጠየቅኳት። «አልጋ ላይ ያለችው ናታ» አለችኝ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟት። መብራቱ የደመቀው፣ መድረኩ የተሰናዳው፣ ጋዜጠኛ ያለው ግን ሌላኛው ነበር።

ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ እዚያው ቤሩት ቆንስላችን ደጃፍ ላይ አንዲት ሴት ስትጎተትና ስትደበደብ የሚያሳይ ምስል ዓለምን ዞሮ ነበር። ከቀናት በኋላ ሕይወቷ አለፈ። ያን ምስል ሌላ ሰው ነው የቀረጸው። እኛ ያየነው ስትጮህ ነው፤ ምን ማለት እንደፈለገች አልሰማንም። የዛሬዎቹ ስልኩን ወደ ራሳቸው አዙረው ስማቸውን፣ ወር ያልተከፈላቸውን ደመወዝ፣ የተወሰደባቸውን ፓስፖርት ይናገራሉ። ጸሐፊው ስለ ማንነት ሲጽፉ ምሳሌያቸው በሙሉ ቦሌ ካፌ ውስጥ ፀጉሯን የምታስተካክል ልጅ ናት። እሷም አለች። ግን ብቻዋን አይደለችም።

ስለ አማርኛው ደግሞ።

ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ፣ ኮሜንት። ጸሐፊው እነዚህን ቃላት እንደ ትኋን ነው የሚያዩዋቸው። ቅሬታቸውን የጻፉት ግን «ካሜራ»፣ «ቴሌቪዥን» እና «ፋብሪካ» በሚሉ ቃላት ነው። ካልሲና ፉርኖ ከየት መጡ? ከጣሊያን ነው። ማንም አልሞተም። ቋንቋ ቃል ይበደራል፣ የተስማማውን ያስቀራል፣ ያልተስማማውን ይተፋል።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው ተወልዳ ያደገችው። አማርኛ ትሰማለች፤ ትናገራለችም፣ በራሷ ዜማ። ፊደል ግን አታነብም። በቅዳሜ ትምህርት «ሀ ሁ» ጀምራ «መ» ላይ ቀረች። የጸሐፊውን ውብ አማርኛ ብልክላት ለእሷ ጌጥ ነው፤ አትገባበትም። ይህች ልጅ ባለፈው ደውላ «ቁሌቱ እስኪያንተከትክ ልጠብቅ ወይስ በርበሬውን አሁን ልጨምር?» አለችኝ። ቁሌት! እያንተከተከ! እናቷ እንኳ ስልክ ላይ «ሽንኩርቱን ኩክ አድርጊው» ነው የምትላት። ይቅርታ እህቴ፣ ግን እውነት ነው። ልጅቱ ቃሉን ያገኘችው ወጥ ከምትሠራ ዩቲዩበር ነው። በእሥራኤል፣ በስዊድን፣ በሎንዶን እንደ እሷ ጆሮዋ አማርኛ ዓይኗ ባዕድ የሆነ ልጅ ሞልቷል። ለእነሱ ከመጽሐፍ በፊት ሌላ በር ያስፈልጋል።

አገር ቤትም ቢሆን ከአዋቂው ግማሽ ገደማው ማንበብ አይችልም። ለረጅም ዘመን አደባባይ ላይ የተሰማው አማርኛ የዜና አንባቢው አማርኛ ነበር። የወሎው፣ የጎጃሙ፣ የጎንደሩ አነጋገር ሬዲዮ ላይ ከመጣ ለድራማ ማሳቂያ ነበር። አሁን የገጠር እናት በራሷ አነጋገር ስለ ቅቤ አነጣጠር ታስተምራለች፤ የሸዋው ሰው ኮሜንት ላይ «ይቺ ቃል ምን ማለት ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ሰው ይመልስለታል። መምህሩ በዚህ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር የምጠብቀው።

መስማት የተሳናቸውን ደግሞ ጨርሶ ረሷቸው። ለብዙዎቻቸው የመጀመሪያ ቋንቋቸው የምልክት ቋንቋ ነው። እሱ በእጅና በፊት ገጽታ ይነገራል እንጂ በፊደል አይጻፍም። ደብዳቤም ሬዲዮም ሳይሆናቸው ኖረው ስልክ ከነካሜራው ሲመጣ ነው ከሩቅ ሰው ጋር በራሳቸው ቋንቋ ማውራት የቻሉት። ካሜራ ቋንቋን ገደለ ስንል ለእነሱ ምን እንላቸዋለን?

ቃላትን በማርከስ ከሆነ የምወቅሰው ርዕሶቹን ነው። «ሰበር» ድሮ ልብ የሚያስደነግጥ ቃል ነበር። አሁን አንድ ዘፋኝ ፀጉሩን ሲቆረጥም ሰበር ነው። «ጉድ» ጉድነቷ ቀረ። «ልብ የሚነካ» የሚል ካየሁ ልቤ አይነካም፤ ጣቴ ወደ ታች ይሄዳል።

አራተኛው ክስ ላይ ጸሐፊው ተረት ይዘው መጥተዋል፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት። ጎረቤቱን ትቶ ተከታይ የሚቆጥር ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዕድር ድንኳን ይተክላል፤ ዩቲዩብ አይተክልም።

ግን ተረቱ ጎረቤት ላለው ሰው ነው። ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የቅርብ ጎረቤቷ ማን ነው? መኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ብዙዎቹ ዓርብ እንኳ አይወጡም። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሌላ ኢትዮጵያዊት ሃያ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ግን አይተዋወቁም። የሚተዋወቁት ሌሊት ሥራ ሲያልቅ አንዲቷ ላይቭ ላይ ነው። እዚያ ነው ቡና «የሚጠጣው»። እዚያ ነው የትኛው ኤጀንሲ እንደሚያጭበረብር የሚወራው፤ ከቤት የወጣች ልጅ የት ትደር የሚባለው። ቤሩት ውስጥ «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ሲቋቋም የመሠረቱት የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ፣ ምግብና ማደሪያ ሲያፈላልጉ ከነበሩት መካከል እነሱ ነበሩ። ጥሪው የተላለፈው በስልክ ነው። አክስቴ በዚያ ሰሞን ነው የተመለሰችው።

አዲስ አበባም ጎረቤት እንደ ድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አርባ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች በተለያየ አቅጣጫ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዱ። እኔ የማውቃቸው አንዲት እናት ከመፍረሱ በፊት አንድ ወጣት መንገድ ለመንገድ እየሄደ የቀረጸውን ቪዲዮ ስልካቸው ላይ አላቸው። ጎረቤት ሲናፍቃቸው ይከፍቱታል። «ይኸው የእነ እትዬ በር» እያሉ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ያስኬዳሉ። ልጁ ማይክ እንኳ የለውም። ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል። እሳቸው ግን የሚሰሙት ሌላ ነው።

ቪዲዮ ሠሪው ያፈረሰው ጎረቤት የቱ ጋ እንደሆነ ጸሐፊው ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ሲገደቡ ሰው ወደ ጎረቤቱ ሲሮጥ አላየሁም። ቪፒኤን ሲያወርድ ነው ያየሁት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው በሁለት መስመር ያለፉት ትልቅ ነገር አለ፤ እኔ ብሆን ሙሉ ገጽ እሰጠው ነበር። ጥላቻ። በጦርነቱ ዓመታት ሞቅ ያለ ሳሎን ውስጥ፣ ከባሕር ማዶ፣ ቡናውን አጠገቡ አድርጎ ሰው በሰው ላይ ያነሳሳ ብዙ ነው። የሚቃጠለው የእሱ ቤት አልነበረም። ያን ጊዜ ያ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ሲመረር አይቻለሁ፤ ቤተሰብ ካለ ባዕድ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል። ከሬዲዮና ከጋዜጣ ጋር አንድ አንቀጽ ውስጥ አስቀምጦታል ማለት ነው። አዋጁ በተግባር ማንን እንደያዘና ማንን እንደተወ ሌላ ክርክር ነው። ግን አንድ ነገር ተቀብሏል፦ ስልክ የያዘ ሰው ጣቢያ ሊሆን ይችላል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ላይቭ ላይ ደግሞ አፍ ሲያመልጥ አሥር ሺህ ሰው ቀድቶ ያስቀምጠዋል።

የቀረው ልመናው ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጎን እቀመጣለሁ፤ ለአንዱ ዓይነት ብቻ።

ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይገናኛል። ማች ይባላል። አምስት ደቂቃ ይቆጠራል። ተከታይ በገንዘቡ ኮይን ገዝቶ ስጦታ ይልካል። ጽጌረዳ አንድ ኮይን ናት። አንበሳ 29,999 ኮይን ነው፤ በዶላር 400 ገደማ። «ታፕ ታፕ አድርጉ! አንበሳ የሚልክልኝ ወንድ የለም?» ሰዓቱ ሲያልቅ የተሸነፈው ይቀጣል፤ ፊቱን ዱቄት ይቀባል፣ ቁጭ ብድግ ይላል። አሜሪካ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው የወር ኪራዩን አንበሳ አድርጎ ሲወረውር አይቻለሁ። ስሙ እንዲጠራ ነው። አዝማሪ ቤትም ስም ለማስጠራት ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ አውቃለሁ። ግን አዝማሪው የተለጠፈለትን ብር ይዞ ቤቱ ይገባል።

እዚህ ግን ብሩን ማን ይዞ ይገባል? ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ሶርያ ውስጥ ተፈናቃይ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ላይቭ ላይ ሲለምኑ አጥንቶ ነበር። ለሙከራ 106 ዶላር የሚያወጣ ስጦታ ላኩ። ተቀባዩ ጋ የደረሰው 33 ዶላር ነው። ቲክቶክ ድርሻዬ ያን ያህል አይደለም ብሏል። ጸሐፊው ለማኙን ሲወቅሱ ከለማኙ ኮፊያ ውስጥ እጁን የሚከተውን አላነሱትም።

ልጅ ካሜራ ፊት አቁሞ ማስለቀስም አለ። እሱ ላይ ከጸሐፊው በላይ እቆጣለሁ። ልጅ አልፈቀደም፤ ሲያድግ ክፍል ጓደኞቹ ያገኙታል።

ግን ለኩላሊት ታማሚ ገንዘብ የሚያሰባስበው፣ ጤፍ አነፋፍ የምታሳየው፣ የመኪና ሞተር ፈትቶ የሚያስረዳው፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ መግባት የለባቸውም። መካኒኩ «ሰብስክራይብ አድርጉ» ስላለ ለማኝ አይባልም። ጋዜጣም «ግዙኝ» ብሎ ነው ማዞሪያ ላይ የሚጮኸው።

እህቴ ይህን ስታነብ መደወሏ አይቀርም። ትደውል። ትናንት ልጇ ለአክስቴ ቪዲዮ ልካለች። ከማሰሮ ጋር እየተጓተተች የቀረጸችው ነው፤ ግማሹ የጣሪያ ምስል ነው። «አክስቴ፣ ይታያል? ቁሌቱ ይኼ ነው፣ ልክ ነው?» ትላለች። አክስቴ መነጽሯን ፈልጋ አየችው። ደገመችው። ከዚያ ስልኩን አፏ ጋ ወስዳ የድምፅ መልዕክቱን ተጫነች። «ይቀዳል እንዴ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ይቀዳል አልኳት። «እሳቱን ቀንሺው የኔ እናት፣ አርሮብሻል» አለቻት።